አሥራ አምስተኛው ሽሮ

ባሕር ዳር ውስጥ «የት ይበላል?» ብላችሁ ስልካችሁን ብትጠይቁት መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሐይቅ ዳር፣ ዘንባባ፣ ሙሉ ዓሣ ጥብስ፣ ከጀርባ ጀልባ። ቪዲዮው አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። ልጁ ይጎርሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ቤተሰብ፣ ይሄ ቤት ይለያል!» ይላል። እኔም እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ሠርቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሌላውን ብቻ የሚተች እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ንስሐ ነው።

ለጎብኚ ባሕር ዳር የሐይቅ ከተማ ናት። ለእኛ ግን የተማሪ ከተማ ነበረች። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ፔዳ በ1972 ተከፈቱ፤ በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ ግቢው በዝቷል፤ ከፖሊ እስከ ዘንዘልማ ድረስ ተማሪ ባለበት ሁሉ ምግብ ቤት አለ። ብዙዎቹ ሰሌዳ የላቸውም። መጋረጃ፣ አራት አግዳሚ ወንበር፣ የከሰል ጢስ፣ በቃ። ካሜራ ወደ እነዚህ ቤቶች እምብዛም አይመጣም። ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚሆን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ትችቴን። የምግብ ቪዲዮ ትልቁ ችግሩ ውሸቱ አይደለም። ብዙው ሰው የእውነት ጣፍጦት ነው ዓይኑን የሚጨፍነው። ችግሩ አንድ ጊዜ ብቻ መብላቱ ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ «ዛሬ እንዴት ነበር?» የሚለውን ነው። የተማሪ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚሁ መብላት እችላለሁ ወይ?»

ሦስተኛ ዓመት ላይ ነን ካፌ ወጣሁ። የግቢውን ምግብ ትቶ ብሩን መቀበል ማለት ነው፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ብሩ እጅ ላይ ሲገባ ሀብታም የሆንን ይመስለናል። በመጀመሪያው ሳምንት ክትፎ ቤት፣ በአራተኛው ሳምንት ዳቦ በሻይ። ከዚህ የሚያድነው የወር ኮንትራት ነው። አንዲት ትንሽ ቤት ይመረጣል፣ ቅድሚያ ይከፈላል፣ ስም ደብተር ላይ ይጻፋል፣ በበሉ ቁጥር ጭረት ይሰመራል። ያኔ ነው የምግብ ትችት የተማርኩት።

በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ሁሉ ይጣፍጣል፤ በተለይ ከካፌ ለወጣ ሰው። በሦስተኛው ቀን በርበሬው ከሽምብራው እንደሚበልጥ ይገባችኋል። በሰባተኛው ቀን ዘይቱ ደረት ላይ ይቆማል፣ ቃር ይነሣል። አሥራ አምስተኛው ሽሮ ላይ ደርሳችሁ አሁንም እጃችሁን ታጥባችሁ በደስታ ከተቀመጣችሁ፣ ያ ቤት ጥሩ ቤት ነው። ከዚህ የተሻለ መመዘኛ እስካሁን አላገኘሁም።

እንጀራውን እንውሰድ። በዚህ አካባቢ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። ነውር የለውም፤ ጤፍ ሲወደድ ሰው ምን ያድርግ? ሩዝ የገባበት እንጀራ ነጭ ነው፣ ካሜራ ላይ ያምራል። ሩዙ ሲበዛ ግን ጠዋት ለስላሳ የነበረው ከሰዓት በኋላ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰባበራል። ቪዲዮው ንጣቱን ያሳያችኋል። ድርቀቱን የሚያውቀው ከላብራቶሪ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ የሚበላ ተማሪ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ረቡዕና ዓርብ ነው። ሥጋና ቅቤ ብዙ ጥፋት ይሸፍናሉ። በጾም ቀን ግን ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላ መደበቂያ የለም። አንድ ቤት በየዓይነቱ ላይ ያለችው ምስር ከትናንት የተረፈች ከሆነች፣ ጥብሱም እንደዚያው ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ሦስተኛው «ዛሬ የለም» የሚለው መልስ ነው። የጣናን ዓሣ አስቡ። ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዓሦች፣ ክረምት ላይ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ቁጥራቸው የቀነሰውም አንድም በዚህ ነው። በየቀኑ፣ በየወሩ፣ በየሰዓቱ «ሁሉም ዓሣ አለ» የሚል ሜኑ እኔን ያስፈራኛል። ቅር እያላት «ዛሬ ቆሮሶ ብቻ ነው፣ እሱም ትንንሽ ነው» የምትል አስተናጋጅ ያለችበት ቤት ግን እመለሳለሁ። ሐይቁ ምን እንዳለው የሚያውቅ ቤት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ንስሐው።

ኮንትራት የያዝኩባትን ቤት ባለቤት ሁላችንም «ማዘር» ነበር የምንላቸው። ሽሯቸው እንደ ተጋቢኖ ወፍራም፣ ሚጥሚጣው ለብቻው። ብር ሲያልቅብን ደብተሩ ላይ በሌላ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ሰማያዊው የተከፈለ፣ ቀዩ ዱቤ። ተመራቂ ሆኜ፣ ውለታ ልመልስ ብዬ፣ ቪዲዮ ሠራሁ። ሽሮው ሲንተከተክ፣ ጢሱ፣ የማዘር ሳቅ። «የተማሪ ምስጢር» ብዬ ለቀቅሁት። ምስጢር እያሉ መልቀቅ! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ባለመኪና ይሰለፍ ጀመር። ዋጋው ጨመረ። የቤቱ አከራይም ወረፋውን አየና ኪራይ ጨመረ። ከዚያ ደብተሩ ተዘጋ። ኮንትራት የለም፣ ዱቤ የለም። ከእኔ ሁለት ዓመት የሚያንስ፣ ምሳውን ብቻ በልቶ የሚውል ልጅ በር ላይ አገኘኝና «ብሮ፣ ቤታችንን ሸጥክብን» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን አልተኛሁም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን «ጥሩ ቤት ስታገኙ ዝም በሉ» ብዬ ብዘጋው ያምር ነበር። ግን ማዘር ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰሙኝ፣ ከዚያ ገርሟቸው አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ ተመርቀህ ትሄዳለህ። እኔ እዚሁ ነኝ። ሁልጊዜ ለሌለው ብቻ እንድቀቅል ነው የምትፈልገው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የእኔ ርካሽ ሽሮ የሳቸው ድካም እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። የምንወደውን ትንሽ ቤት «እንዳለ ይቆይ» ስንል፣ ሴትዮዋ በዚያው ጢስ ውስጥ ትቆይ ማለታችን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከጂንካ ወይም ከጅጅጋ የመጣ፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለው ፍሬሽ የት ይብላ? ዝምታው ለእሱም አይጠቅመውም።

ስለዚህ አሁን ከምግብ ትችት የምጠብቀው ዝምታን አይደለም። ስንት ጊዜ በልተህ ነው የምትናገረው? በምን ቀን? በማን ገንዘብ? የምትናገረውስ ለማን ነው፣ ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን ለመጣ ሰው ወይስ ወር ለሚገፋ ተማሪ? እነዚህን አራቱን የሚመልስ ሰው ካገኘሁ ምርጫው ከምርጫዬ ባይገጥምም አምነዋለሁ። እንደዚህ ዓይነት ተቺ ካጣችሁ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ነን ካፌ ተማሪ ጠይቁ። ባጃጅ ነጂዎች ሰባት ሰዓት ላይ የሚያቆሙበትን በር እዩ። ረቡዕ ሂዱ። ሦስት ጊዜ ሂዱ።

ባለፈው ባሕር ዳር ስሄድ የማዘር ቤት ሰፍቷል፣ ሴራሚክ ገብቶለታል። ሽሮው ደህና ነው። ያኔ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረችው ልጅ ግን ከጀርባ ባለው ሰፈር የራሷን ቤት ከፍታለች። አራት አግዳሚ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ደብተር። አምስት ቀን በተከታታይ በላሁ፤ አሥራ አምስት ለመሙላት ጊዜ አልነበረኝም። ስልኬን ሳላወጣ «ስለዚህ ቤት ልጽፍ?» ብዬ ጠየቅኋት።

ትንሽ አሰበች። «አሁን ተማሪው ሞልቷል፣ አልችልህም» አለች። «ተማሪ ሲወጣ ጻፍልኝ። ክረምቱን ባዶ ቤት ታቅፌ ነው የምከርመው።»

የቤቷን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው። ክረምት ሲገባ እጽፈዋለሁ።