አሲድ የማያስለቅቀው ቀይ ቀለም

ህዋስ የሕያዋን ፍጥረታት ሁሉ መሠረታዊ የአካልና የተግባር ክፍል ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ህዋስ ብርሃን የሚያሳልፍና መልኩ ከዙሪያው የማይለይ ስስ አካል በመሆኑ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አጥርቶ የሚያየው ቀለም ካገኘው በኋላ ነው። ቀለሙ የሚቀረው ወይም የሚለቀው ህዋሱ ከተሠራባቸው ሞለኪውሎች ጋር ባለው ኬሚካዊ ዝምድና ልክ ስለሆነ፣ ናሙና ማቅለም ህዋሱ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ነው። ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ አካባቢ በሚገኘው የአለርት ግቢ ሲሠራበት የኖረው የሥጋ ደዌ የቆዳ ናሙና ምርመራ ነው።

አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሐድሶ ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ በዚያው ግቢ በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ስሙን የወሰደው የበሽታውን ባክቴሪያ በ1873 በኖርዌይ ካገኘው ሐኪም ነው። ማይኮባክቴሪየም ሌፕሬ የተባለው ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ሊራባ አልቻለም። በ2001 የታተመው የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው፣ ከጂኖቹ እጅግ ብዙዎቹ ሥራቸውን ያቆሙ ስለሆኑ ለመኖር የሌላ ህዋስ ጥገኛ ነው፤ የሚኖረውም ነርቭን በሚሸፍኑት ሽዋን በተባሉት ህዋሳትና ባዕድ አካልን ውጠው በሚፈጩት ማክሮፌጆች ውስጥ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ሲከፈል፣ ይህኛው ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አሳድጎ የመመርመር መንገድ ለተዘጋበት ባለሙያ ስላይዱ ትልቅ ቦታ አለው።

የሙያው የመጀመሪያ እርምጃ ናሙናውን መውሰድ ሲሆን፣ ከሚመረጡት ቦታዎች አንዱ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ለስላሳው የጆሮ ሥጋ ነው፤ ባክቴሪያው ከሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ይልቅ ቀዝቀዝ ያለውን አካል ስለሚመርጥ በዚያ ይበረክታል። ባለሙያው ቆዳውን ቆንጥጦ ደሙን ካሸሸ በኋላ 5 ሚሊሜትር ያህል ርዝመትና ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቁርጥ ያወጣል፤ ከዚያም ምላጩን አዙሮ የቁርጡን ግድግዳ በመፋቅ ያገኘውን ፈሳሽ በስላይድ ላይ ይቀባል። ቁንጠጣው ከላላ ደም ይቀላቀላል፤ ደም የበዛበት ናሙና ደግሞ ባክቴሪያውን የያዘውን የቆዳ ፈሳሽ ስለሚያሳንስ ቆጠራውን ያሳስታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማቅለም፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ፍራንዝ ዚልና ፍሪድሪክ ኒልሰን ባሻሻሉት ዘዴ የሚከናወን ነው። የማይኮባክቴሪያዎች የህዋስ ግድግዳ ማይኮሊክ አሲድ በተባሉ፣ እስከ 90 የሚደርሱ የካርቦን አቶሞችን በያዙ ረጃጅም የስብ ሞለኪውሎች የተሞላ በመሆኑ፣ ውሃ በሰም ላይ እንደሚንሸራተት ሁሉ በውሃ የሟሟ ተራ ቀለም ዘልቆ አይገባም። ፉክሲን የተባለው ቀይ ቀለም ከፌኖል ጋር የሚዋሐደው ፌኖል ወደ ስቡ እንዲገባ ስለሚያግዘው ነው፤ ስላይዱ ከሥር በእሳት ሲሞቅ ደግሞ ግድግዳው ይላላል። እዚህ ላይ የእጅ ብልሃት ይጠይቃል፤ እንፋሎት እስኪታይ ይሞቃል እንጂ አይፈላም፣ ቀለሙም ስላይዱ ላይ እንዲደርቅ አይተውም። ሲቀዘቅዝ ስባማው ግድግዳ ቀለሙን ውስጡ ይዞ ስለሚቀር፣ አሲድ የተቀላቀለበት አልኮል ሲፈስበት የቆዳው ህዋሳት ቀለማቸውን ሲለቁ ባክቴሪያው አይለቅም። ሆኖም የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ አሲድን የመቋቋም ኃይሉ ከሳንባ ነቀርሳው ስለሚያንስ፣ ለሳንባ ነቀርሳ 3 በመቶ አሲድ ሲጠቀሙ ለዚህ 1 በመቶ ይበቃል።

መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ሌላውን የሕይወት ኬሚስትሪ ገጽ ይገልጣል። ዲ ኤን ኤ በተከታታይ የፎስፌት ቡድኖቹ ምክንያት አሉታዊ ሙል ሲኖረው ቀለሙ ግን አዎንታዊ ስለሆነ፣ የቆዳ ህዋሳት አስኳል ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ በዚህ ዳራ ላይም ዘንግ የሚመስለው ቀይ ባክቴሪያ ይለያል።

ንባቡ የሚካሄደው አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ነው። በሪድሊ መለኪያ 1 ፕላስ ማለት በ100 የእይታ መስኮች ውስጥ ከ1 እስከ 10 ባክቴሪያዎች ሲገኙ ሲሆን፣ 6 ፕላስ በአንድ መስክ ከ1,000 በላይ መኖራቸውን ያመለክታል። ብዛቱ ብቻውን ግን ሙሉ ታሪክ አይነግርም። ዘንጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ቀለም ከያዘ ሕያው ሳይሆን አይቀርም፤ ተቆራርጦ ወይም ወደ ነጠብጣብነት ተለውጦ ከታየ ግን ሞቶ የፈረሰ ህዋስ ነው። ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ባክቴሪያውን በቀናት ውስጥ የሚገድለው አር ኤን ኤ የሚሠራውን ኢንዛይም በማገድ ነው፤ ሬሳው ግን ያ ስባማ ግድግዳ በቀላሉ ስለማይፈጭ በቆዳ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ይህንን የሚያውቅ ባለሙያ ሕክምናውን በጨረሰ ሰው ስላይድ ላይ ቀይ ቁርጥራጭ ስላየ ብቻ መድኃኒቱ አልሠራም ወደሚል ድምዳሜ አይቸኩልም፤ የቁጥሩ ጥንቃቄ ከጀርባው ላለው ሰው ሰላምም ነው።

በኢትዮጵያ ዛሬም አዳዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ይኸው የማቅለሚያ ዘዴም በሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያገለግላል። በመሆኑም ሥልጠናው የደቂቃዎችንና የጠርሙሶችን ቅደም ተከተል ብቻ ማስጠናት አይበቃውም፤ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር ምክንያቱን ማስተማር አለበት። ምክንያቱን የተረዳ ባለሙያ የስላይዱ ዳራ ሁሉ ቀልቶ ሲያገኘው የአሲዱ ጊዜ እንዳጠረ፣ ባክቴሪያው ገርጥቶ ሲታየው ማሞቁ እንዳነሰ ወይም አሲዱ እንደበዛ ወዲያው ይገነዘባል፤ ጥርጣሬ ያደረበትንም ውጤት ለሐኪም ከመላኩ በፊት ስላይዱን እንደገና ያዘጋጃል።