መሃል ላይ ለሚደርስ አንባቢ

የእገዛ ሰነድን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያነብ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አንባቢው የሚመጣው ሥራ ይዞት ሳለ ነው፤ ፋይሉ አልዘጋም ሲለው፣ ያልጠበቀው ነገር ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ ትናንት ይሠራ የነበረ ትእዛዝ ዛሬ እምቢ ሲለው። ቪም በተባለው ኤዲተር ውስጥ «ሄልፕ» ብሎ የሚፈልገውን ስም ሲጽፍ ፕሮግራሙ ወስዶ አንድ ረጅም ፋይል መሃል ላይ ያስቀምጠዋል። ከላይ ምን እንደተባለ አላየም፤ ከታች ያለውንም ለማንበብ ፋታ የለውም። እኔ የቪምን ሰነድ ሳድስ የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው።

ቪምን ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር ለሕዝብ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ያኔ የሚሠራው አሚጋ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሰነዱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ምንጩ ክፍት ስለሆነ ጉድለት ያየ ሁሉ ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል።

የዚህ ሰነድ አጥንት ታግ የሚባለው ነው። በሁለት ኮከብ መካከል የተጻፈ ስም መድረሻ ነው፤ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል የተጻፈ ደግሞ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ። የስሙ አጻጻፍ እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። «ኤክስ» የምትለዋ ፊደል ብቻዋን ስትሆን ካርሰሩ ያረፈበትን ፊደል ታጠፋለች፤ ከፊቷ ሁለት ነጥብ ከገባ ግን ፋይሉን አስቀምጦ የሚዘጋ ሌላ ትእዛዝ ትሆናለች። «ዩ» የመጨረሻውን ለውጥ ትመልሳለች፤ ጽሑፍ ተመርጦ ሳለ ከተጫኗት ደግሞ የተመረጠውን የላቲን ጽሑፍ ወደ ትንንሽ ፊደላት ትቀይራለች። ሰነዱ እነዚህን ሁሉ በታጋቸው ይለያቸዋል። የስህተት መልእክት ቁጥር ሳይቀር ታግ አለው፦ ያላስቀመጠውን ፋይል ሊዘጋ ሞክሮ የተከለከለ ሰው «ኢ37» ብሎ ቢጠይቅ ማብራሪያው ይመጣለታል። ይህን ያሰበ ሰው አንባቢውን ያውቀዋል። የተደናገጠ ሰው በእጁ የሚቀረው ያ ቁጥር ብቻ ነው።

አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ያለውን ማደስ ይከብዳል። ቪም ቀደም ሲል ከተጻፉ ትእዛዞች ስንቱን እንደሚያስታውስ የሚወስን «ሂስትሪ» የሚባል አማራጭ አለ። የቪም 9.1 ሰነድ የዚህን አማራጭ መነሻ ዋጋ ሲናገር ሦስት ቁጥሮች ይደረድራል፦ የቪም 50፣ የቪአይ 0፣ መነሻ ቅንብሮችን የያዘው ፋይል የሚሰጠው 200። አዲስ አዳሽ ይህን መስመር ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ሦስቱን ቁጥር በአንዱ ተክቶ መገላገል ያምረዋል። ነገር ግን ሦስቱም እውነት ናቸው። 0 የቪአይ ነው፤ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በርክሌይ የጻፈው፣ ቪም የተነሳበት የጥንቱ ኤዲተር። 50 የቪም የራሱ ነው። 200 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው ቪም 8.0 ጋር ነው፤ የራሱ የቅንብር ፋይል የሌለው ተጠቃሚ ጥቂት ጠቃሚ ቅንብሮች በራሳቸው እንዲጫኑለት የተደረገው ያኔ ነው። እንግዲህ ቪምን እንደመጣ ሲጠቀም የቆየ ሰው አንድ ቀን የራሱን የቅንብር ፋይል ቢከፍት፣ ፋይሉ ባዶ እንኳ ቢሆን፣ 200 የነበረው 50 ይሆንበታል። ምንም ሳይነካ ቁጥሩ ወረደበት፤ ግራ ተጋብቶ ወደዚያች መስመር የሚመጣው እሱ ነው። መስመሯን ያሳጠረ አዳሽ የዚህን ሰው መልስ ሰረዘ ማለት ነው።

የእኔ ሥራ እንዲህ ያለውን መስመር ሳይነኩ የሚነበብ ማድረግ ነው። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል፤ የትኛው ቁጥር ለማን እንደሚሠራ የምትናገር፣ ከላይ ያለውን ያላነበበ ሰው የሚረዳት። ዓረፍተ ነገሯን ከማቅረቤ በፊት ፕሮግራሙን እጠይቀዋለሁ። ቪም 9.1ን «ክሊን» በሚለው አማራጭ ሳስነሳው የራሴን ቅንብር ትቶ በመነሻው ይከፈታል፤ ሂስትሪ 200 ይላል። ምንም የቅንብር ፋይል እንዳያነብ በትንሿ «ዩ» አማራጭ ሳዝዘው የቪአይን ጠባይ ይይዛል፤ 0። በዚሁ ላይ ትልቁን «ኤን» ስጨምርበት የቪአይን ጠባይ ይተዋል፤ 50። ሦስቱንም በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው የምጽፈው። የራሴ ኤዲተር ለዓመታት በጨመርኩበት ነገር የተሞላ ስለሆነ ስለ ሌላ ሰው ኤዲተር ምስክር ሊሆን አይችልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዓረፍተ ነገሯ የት ትግባ የሚል ነው። ቪም ሁለት ዓይነት መጽሐፍ አለው። አንዱ እንደ መጽሐፍ በተራ የሚነበብ የተጠቃሚ መመሪያ ነው፤ ሌላው እያንዳንዱን ትእዛዝና አማራጭ እስከ ጥጉ የሚዘረዝር ማጣቀሻ። በማጣቀሻው ውስጥ ማስተማር ቦታ ያጣብባል፤ በመመሪያው ውስጥ ልዩ ሁኔታ ሁሉ ከተዘረዘረ ጀማሪው ይሸሻል። ከሌሎች አዳሾች ጋር አብዛኛው ክርክራችን በዚህ ላይ ነው፤ ትክክል ነው የተባለን ጽሑፍ ቦታው አይደለም ብዬ መልሼ አውቃለሁ፤ አሁንም እመልሳለሁ።

አንድ ርዕስ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላ ሲዛወር ታጉን ይዞ መሄድ አለበት። ስሙን ማሻሻል ካስፈለገም አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አኖራለሁ። የታክሲ ረዳት ሕንፃው ከፈረሰ ዓመታት ያለፉትን ፌርማታ በድሮ ስሙ እንደሚጠራው፣ ሰዎች በድሮው ስም መጠየቃቸውን አያቆሙም። በተቃራኒው አንድ ስም በአንድ የሰነድ ማውጫ ውስጥ ሁለት ቦታ ከተተከለ የታግ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ትእዛዝ ይቃወማል። መቃወሙ ደግ ነው፤ የአንባቢውን መንገድ ለሁለት እንዳንከፍለው ይጠብቀናል።

ብራም ሙሌናር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አረፈ። በጥር 2024 የወጣው ቪም 9.1 ለእሱ መታሰቢያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኡጋንዳ ውስጥ ኪባሌ በሚባል ቦታ ሠርቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቪምን የወደደ ሁሉ የዚያን አካባቢ ልጆች እንዲረዳ ሲጠይቅ ኖረ። ይህ ልመና ዛሬም ከሰነዱ መካከል ይነበባል። ፕሮግራሙን አሁን የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው፤ አዲስ ነገር ወደ ኮዱ ሲገባ ሰነዱም አብሮ እንዲገባ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸውና ደስ ይለኛል። ከኮዱ ወደ ኋላ የቀረ ሰነድ ከሌለ ሰነድ የከፋ ነው፤ አንባቢው ያምነዋልና።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት በመላው ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ ጎግልን መጠየቅ የለመደ ፕሮግራመር በእጁ የቀረው ማሽኑ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ከኤዲተሩ ጋር አብሮ የተጫነ ሰነድ እንዲህ ላለው ቀን ይተርፋል። በአማርኛ ቢኖር ደግሞ የበለጠ ይተርፍ ነበር። ቪም ለዚህ በሩን ክፍት አድርጎታል፦ የማንኛውም ቋንቋ ትርጉም በቋንቋው ባለሁለት ፊደል መለያ በተሰየመ ፋይል ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው የሚመርጠውን ቋንቋ አንድ ጊዜ ካዘዘ ትርጉሙ ካለ ያ ይከፈትለታል፣ ከሌለ እንግሊዝኛው። በየፋይሉ አናት ላይ መጨረሻ የተለወጠበት ቀን ስለተጻፈ ተርጓሚው የእሱ ቅጂ ማርጀት አለማርጀቱን ያያል። ይህችን ቀን ማደስ ብዙ አዳሾች ይረሷታል፤ ሌላ አገር ላለ ተርጓሚ ግን ሥራውን የምትጀምርለት እሷ ናት።

ሁሉንም በአንዴ መተርጎም አይጠበቅብንም። እኔ ከሆንኩ መጀመሪያ የምወስደው «ኪማፕ» የሚለውን አማራጭ የሚያስረዳውን ክፍል ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ወደ ግዕዝ ፊደል ከቀየረ በኋላ ከመጻፊያው ወጥቶ ወደ ትእዛዝ ሲመለስ፣ ጣቱ «ኤክስ»ን ሲነካ ለቪም የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ስለሆነ ምንም አይሠራለትም። ኪማፕ ግን የፊደል ለውጡን ኤዲተሩ ራሱ እንዲይዘው ያደርጋል፤ በመጻፊያው ውስጥ ግዕዝ፣ በትእዛዝ ጊዜ ላቲን። በ«ኤፍ» አንድ ፊደል ፍለጋ ሲኬድ እንኳ የሚፈለገው ፊደል በአማርኛ መግባት ይችላል። ረቂቁን ከዚያው ጀምሬዋለሁ፤ ታጎቹን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ፣ አንባቢው የሚጠይቀው በእነሱ ነውና።