በጂላል ኑ

ኤረር ሁለት ናት። አንዷ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለች፣ በፍል ውሃዋ የምትታወቅ የሶማሌ ክልል ከተማ ናት። ሌላዋ ከሐረር ወደ ጅጅጋ ሲጓዙ ባቢሌ ሳይደርሱ የሚሻገሩት ሸለቆ ነው። ይኼን የጂኦግራፊ ትምህርት ያስቀደምኩት ወድጄ አይደለም። በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ወደ መጀመሪያይቱ ኤረር አካባቢ ስንጓዝ ከአዲስ አበባ አብሮን የመጣ እንግዳ፣ «የካርል አገር ደረስን በሉኛ!» ብሎ ካሜራውን ማውጣት ጀመረ። ጋባዣችን ሌላ ድርጅት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ሾፌራችን የድሬ ልጅ ነውና «አቦ፣ የካርል ኤረር ሌላ ነው» ሲለው ሰውዬው ቅር አለው። ካሜራውን ግን መልሶ አልከተተም። ችግረኛ እንደሆነ የትም ችግረኛ ነው።

እኔ የተጋበዝኩት «ጥሩ አማርኛ ይጽፋል» ተብዬ ነው። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። ስለ ጉብኝቱ አጭር ጽሑፍ ላዘጋጅ፣ ጥቂት ብር ሊከፈለኝ ተስማምተናል።

ፕሮግራሙ የታወቀው ዓይነት ነበር። ልጆች ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። የድርጅቱ ታፔላ ከሩቅ ይታያል፤ ቦኖው ከታፔላው ሥር ነው፤ ታፔላው ደግሞ ከመኪና መንገዱ ዳር። ውሃው ሲከፈት ፎቶ ተነሳን። የግመል ወተት ያለበት ሻይ ጠጣን፤ ግሩም ሻይ ነበር። አንድ ሽማግሌ ንግግር አደረጉ። ከዚያ በፕሮግራሙ ያልተያዙ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ከሴቶቹ መሐል ተነሡና ረዘም አድርገው ተናገሩ። እጃቸውን አንዴ ወደ ቦኖው፣ አንዴ ወደ ሜዳው ይዘረጋሉ። አስተርጓሚው አጠር አድርጎ፣ «ውሃው በጣም ጠቅሞናል፤ እናመሰግናለን፤ እንደገና ኑ ይላሉ» አለን። አጨበጨብን። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ደስታቸውን ገለጹ» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ድሬዳዋ ስንገባ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞር አለ። ድሬዎች አንቱታ አይሆንላቸውም። «ጋሼ፣ የሴትዮዋን ነገር ጻፍከው?» አለኝ። ጻፍኩ አልኩት። «እንደገና ኑ አላሉም እኮ። በጂላል ኑ ነው ያሉት።» ጂላል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቁ ወቅት ነው። ያን ጊዜ የሐምሌና የነሐሴው የከረን ዝናብ ገና ማለፉ ነበር፤ ኩሬው ውሃ ቋጥሯል፣ ከብቱ ጠግቧል። ሴትዮዋ ያሉት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ጠግበን ሳለ መጥታችሁ ውሃ አላቸው ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ጂላል ሲገባ ለፓምፑ ናፍጣ አይገኝም። ከብቱ ያለው ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ እንጂ እዚህ መንገድ ዳር አይደለም። በጂላል ኑና እዩ።

ምን አደረግሁ? ምንም። «ደስታቸውን ገለጹ» የሚለው እንዳለ ታተመ፤ ብሩንም ተቀበልኩ።

ሮበርት ቼምበርስ የተባለ እንግሊዛዊ የልማት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ «የገጠር ልማት ቱሪዝም» የሚል ስም አውጥቶለታል። ጎብኚ አስፋልት አይለቅም፣ ፕሮጀክት ያለበትን እንጂ የሌለበትን አያይም፣ የሚያነጋግረው አለቃውን ነው፣ የሚመጣውም አየሩ ሲመች ነው፤ ደስ የማይል ነገር መጠየቅ ደግሞ ነውር ይሆንበታል። መጽሐፉን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። አንዱም አልቀረልንም ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሰዋስዉ ነው። የእነዚህን ድርጅቶች ሪፖርት አንብቡ። ድርጅቱ ቆፈረ፣ ገነባ፣ አሠለጠነ፣ አከፋፈለ። የአገሬው ሰው ሠለጠነ፣ ተሰጠው፣ ተጠቃሚ ሆነ፣ ተረዳ። አማርኛ ደግሞ ጉደኛ ቋንቋ ነው፤ «ተረዳ» ማለት እርዳታ አገኘ ማለት ነው፣ ነገሩ ገባው ማለትም ነው፣ መርዶ ሰማ ማለትም ነው። ሕዝቡ ራሱ የሚሠራው ግስ አንድ ብቻ ነው፤ አመሰገነ። ሌላ ሲናገርም ወደዚያው ይተረጎምለታል።

ወደ ካርል ልመለስ። ካርልሃይንዝ ቦም የ«ሲሲ» ፊልሞች ተዋናይ፣ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ የሚታወቅ ሰው ነበር። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ተወራረደ፦ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለሳህል ችግረኞች አንዳንድ ማርክ አያዋጣም ሲል። ውርርዱን አሸነፈ፤ ማለትም ሲሶው አላዋጣም። ያም ሆኖ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰብስቦ ነበርና ገንዘቡን ይዞ፣ ንጉሠ ነገሥቷን ካወረደች ሰባት ዓመት ወደሆናት አገር መጣ። በኅዳር 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» ተመሠረተ። የመጀመሪያው ሥራም በኦጋዴን ጦርነት ተፈናቅለው በባቢሌ መጠለያ የነበሩ ከፊል አርብቶ አደሮችን በኤረር ሸለቆ ማስፈር ነበር።

ሰውዬውን የማደንቀው በልግስናው አይደለም፤ ለጋስ ሞልቷል። የማደንቀው ደግሞ ደጋግሞ ስለ መጣ፣ ለዓመታት ስለ ተመላለሰ ነው። እንዲህ የሚመላለስ ሰው ወደደም ጠላም ጂላል ያገኘዋል። ነገር ግን ግንቦት 2006 ዓ.ም. ሲያርፍ በየጋዜጣው የወጣውን ሁሉ ሰብስቤ ሳነብ አንድ ነገር ጎደለኝ። የእሱ ስም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ አደባባይም አለ፤ ይገባዋል። ያንን ሸለቆ መንጥሮ፣ ከከብት ወደ እርሻ ዞሮ፣ ቤት ሠርቶ ልጅ ያሳደገው ሰው ግን «ሰፋሪዎች» ከመባል አላለፈም። የአንዱን ስም ጥራ ብትሉኝ እኔም አልችልም። የሴትዮዋንም ስም አልጠየቅሁም።

በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ሲቲ ዞንን ክፉኛ ሲመታ፣ የከብት ሬሳ የተበተነበትን ሜዳ በቴሌቪዥን አየሁና ያቺን ጽሑፍ ከመሳቢያ ፈልጌ አወጣኋት። በሁለተኛው ገጽ ላይ የሴትዮዋ ፎቶ አለ። ከሥሩ የእኔ አማርኛ ተጽፏል፦ «የአካባቢው ነዋሪ ለተደረገላቸው ድጋፍ ደስታቸውን ሲገልጹ»። እጃቸው ወደ ሜዳው ተዘርግቷል።