ማሽንም እድር ያስፈልገዋል

ለሞት እድር አለን፤ ለገንዘብ እቁብ፣ ለጻድቁ ማኅበር። ቦይለር ሲያፈስ፣ ማተሚያ ማሽን ወረቀት ሲያኝክ ግን ፋብሪካው በሩን ዘግቶ ብቻውን ያለቅሳል። ጎረቤቱ ያንኑ ብልሽት አምና በአንዲት ጎማ ጠግኖት ይሆናል። ማን ይንገረው? መጠየቁ ራሱ «አያውቁም» ያሰኛላ!

እስቲ በእንግሊዝ አገር ኮርንዎል የሆነውን እንይ። በዚያ ከመዳብ ጉድጓዶች ውኃ የሚቀዳው በእንፋሎት ሞተር ነበር። ከሰሉ ከዌልስ በመርከብ ስለሚመጣ ዋጋው ወገብ ይቆርጣል። የጄምስ ዋት የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1800 ካበቃ በኋላ፣ በ1811 ጆኤል ሊን የተባለ የማዕድን ሰው ወርኃዊ ሪፖርት ማውጣት ጀመረ። የየሞተሩ ስም፣ የመሐንዲሱ ስም፣ በተወሰነ ከሰል የተሠራው ሥራ ልክ በግልጽ ይታተማል። ሰነፉም ጎበዙም ሰሌዳ ላይ ወጣ ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ያው ከሰል የሚሠራው ሥራ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ፈረንጅ ደግ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ ባለድርሻዎች ገንዘባቸው ያለው በአንድ ጉድጓድ ብቻ አልነበረም፤ የአንዱ ብልሃት ለሌላው ሲተርፍ የሚያተርፉት እነሱው ናቸው። በ1955 በሎስ አንጀለስ አካባቢ «ሼር» የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት የአይቢኤም 704 ኮምፒዩተር ደንበኞችም ቢሆኑ እርስ በርስ የሚፎካከሩ አውሮፕላን ሠሪዎች ነበሩባቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ለየብቻ መጻፉ ኪሳራ መሆኑ ገባቸው። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

እኛ ደግሞ «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ለትሕትና ሲሆን ያምራል። ለፋብሪካ ሲሆን ግን በልብ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ጡረታ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት የማሽኑን ጠባይ ያጠና መካኒክ ሲሄድ፣ ተተኪው ከፊደል ይጀምራል። ከዚያ ባለሙያ በዶላር ከውጭ ይጠራል።

ምስጢር አይኑር አላልኩም። የምርት ቀመሩን ይደብቅ፤ መብቱ ነው። የተሰበረ ጥርስ መደበቅ ግን ማንን ይጠቅማል? ማሽኑን የሠራው ኩባንያ አሠራሩን ያውቃል፤ በእኛ አቧራና በእኛ መብራት መቆራረጥ እንዴት እንደሚያኮርፍ የሚያውቀው ግን አብሮት የሚያድረው ቴክኒሻን ነው።

ለዚህ ዐውደ ጥናትም አበልም አያስፈልግም። አንድ ዓይነት ማሽን ያላቸው አምስት ፋብሪካዎች ቴክኒሻኖቻቸውን በወር አንዴ ሻይ ላይ ያገናኙ። ማሽን ሻጩ ቢመጣ እንግዳ እንጂ ሊቀመንበር አይሁን። አለቆችም የተሰበረውን የተናገረውን ሠራተኛ ደመወዝ አይቁረጡ፤ ያኔ ዕቃው ሳይሆን እውነቱ ይደበቃልና። አጀንዳው አንድ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ ወር ምን ተበላሸባችሁ፣ እንዴትስ አዳናችሁት?»