ራዳሩ ያየው የዛፉን አናት ነው

ተፋሰስን በኮምፒውተር የሚያስተምር መምህር ቀድሞ የሚፈተነው በመሣሪያው ፍጥነት ነው። ኪውጂአይኤስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የከፍታ መረጃውን ከፍቶ ወንዙ ላይ አንድ ነጥብ ይመርጣል፤ ጥቂት ትእዛዞች እንደሰጠ ዝናቡን ወደዚያ ነጥብ የሚልከው መሬት በሙሉ ቀለም ለብሶ ይወጣል። ክፍሉ ይደነቃል። መስመሩ ለምን በዚያ ሸንተረር እንደሄደ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ የለም።

ስለዚህ በካፋ፣ ቦንጋ ላይ ሳስተምር ላፕቶፑ ተዘግቶ ነው የምጀምረው። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያተመውን 1፡50,000 ካርታ እዘረጋለሁ። ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው ድልድይ ተነስተው በእርሳስ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በሸንተረሩ ዞረው ተመልሰው ድልድዩ ላይ ይገጥማሉ። ጠቡ ያለው እዚህ ነው። አንዱ "በዚህ ነው" ሲል ሌላዋ እርሳሱን ትነጥቀዋለች። ይህን ክፍለ ጊዜ አላሳጥረውም። ቀጥሎ በካሬ ወረቀት ላይ የከፍታ ቁጥሮች እሰጣቸዋለሁ፤ እያንዳንዱን ካሬ ከ8 ጎረቤቶቹ ጋር እያነጻጸሩ ውሃውን ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ይሰዳሉ። በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ያለው መሠረታዊ ስሌት ይኸው ነው፤ እነሱ አይደክሙም እንጂ።

ወደ ላፕቶፑ ስንመጣ የመብራት መጥፋትን አላማርርም፤ መረጃውን ቀድሞ ጭኖ ባትሪ መሙላት ነው። የካፋ ትልቁ ፈተና ጫካው ነው።

ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት የከፍታ መረጃ የተሰበሰበው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንደቨር የተባለችው መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን በራዳር ስትቃኝ ነው። የ30 ሜትሩ ዝርዝር ለአፍሪካ በነፃ የተለቀቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የዋናው ራዳር ሞገድ ርዝመት 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለውን ቅጠል አልፎ መሬቱን አይነካም። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የለካው አፈሩን ነው፤ በእኛ የቡና ጫካ ላይ ግን ወደ ዛፎቹ አናት የተጠጋ ከፍታ ነው የመዘገበው። በወረቀቱ ካርታ በሁለት ኮንቱር መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ነው፤ የእኛ ጫካ ዛፍ ደግሞ ያን ያህል ቁመት ቢኖረው ማንም አይገረምም። ስለዚህ ደኑ አልቆ የእንሰት ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ስክሪኑ ላይ የሌለ ገደል ይበቅላል። ኮረብታው ለዘብ ያለ ከሆነ የተፋሰሱ ድንበር ራሱ ከእውነተኛው ሸንተረር ተንሸራቶ የደኑን ዳር ይከተላል። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ገደል አይደለም፣ ዛፉ ነው!" የሚል ተማሪ የሚገኘው በዚያ መንገድ ከብት የሚነዳው ነው። በውጤቱ ከክፍሉ ቀዳሚ አይደለም፤ ያን ዕለት ግን ሌሎቹ እሱን ነው የሚያዳምጡት።

ረግረጉም እንዲሁ ነው። ሶፍትዌሩ ውሃ የሚተኛበትን ጎድጓዳ እንደ ስህተት ቆጥሮ አስቀድሞ ይሞላዋል፤ ከዚያ በሜዳው ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ ትይዩ ወንዞች ይሥላል። በጎጀብ ረግረግ ዳር ያደገ ልጅ ያን ሲያይ ይስቃል። ሳቁን ይዤ ነው ረግረግ ውሃን ይዞ ቀስ ብሎ እንደሚለቅ የማስረዳው፤ ያለ ካርታው ቅጥፈት ይህን ለማስረዳት ብዙ ጠመኔ ይጨርሳል።

ወደ ሰፊው ካርታ የምወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የጎጀብ ወንዝ ኦሞን ለመቀላቀል ሲወርድ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ ተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ይገባል፤ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ባሕር የሚባል አያይም። የካፋን ምዕራባዊ ጫፍ አልፎ በሸካ በኩል የሚወርደው ውሃ ግን በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። አንዳንድ አሠልጣኞች ትምህርቱን ከዚህ ይጀምራሉ፤ እኔ አልስማማም። የድልድዩን ድንበር በእርሳስ ያልሠራ ልጅ ይህን እንደ ተረት ሰምቶ ያልፋል።

ዝናቡ ሲጠነክር ጃንጥላና የታተመውን ካርታ ይዘን እንወጣለን። የአስፋልቱ ዳር ቦይ በካርታው ወደ ሌላ ተፋሰስ የተመደበውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ እኛ ጅረት ሲያመጣው በ30 ሜትር ፒክስል ውስጥ አይታይም፤ በእግር ሲኬድ ግን ጫማ ያበሰብሳል። ተማሪዎቹ የኮምፒውተሩን መስመር በሰማያዊ እንዳለ ይተዉና ያዩትን በቀይ ይሰምራሉ። ውጤት የምሰጠው ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ምክንያቱን ለጻፈ ነው፦ ዛፍ፣ ረግረግ ወይስ ቦይ።