ከ«ራፕ አባት» ባሻገር፦ ጊል ስኮት-ሄሮን፣ ብራያን ጃክሰን እና የ1974ቱ ሸክላ

ጊል ስኮት-ሄሮን በግንቦት 2011 ኒውዮርክ ውስጥ ሲያርፍ ብዙዎቹ የዜና አውታሮች «የራፕ አባት» በሚል ማዕረግ ሸኙት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ ግን በሕይወት ሳለ ማዕረጉን አልወደደውም፤ ራሱን የብሉዝ ተመራማሪ ብሎ መጥራት ይመርጥ ነበር። በእኔ አመለካከት ማዕረጉ አክብሮት ቢመስልም ሰውየውን ያሳንሰዋል። አባት የተባለ ሰው የሚለካው ልጆቹ በደረሱበት ነው፤ የገዛ ሥራው በራሱ ሚዛን ሳይመዘን ይቀራል። ማዕረጉ የሚያስታውሰውም ተናጋሪውን ብቻ ነው። ዘፋኙን፣ ፒያኖውን፣ በተለይም ለአሥር ዓመት ያህል አብሮት ዜማ የሠራውን ብራያን ጃክሰንን ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

ስኮት-ሄሮን በ1949 ቺካጎ ተወልዶ በቴኔሲ ግዛት በምትገኘው ጃክሰን ከተማ አያቱ ዘንድ አደገ። የመጀመሪያውን ፒያኖ የገዙለት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲያርፉ ከእናቱ ጋር ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ለከፍተኛ ትምህርት ፔንሲልቬኒያ የሚገኘውን ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመረጠው ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ የተማረበት ስለነበረ ነው። ጃክሰንን የተዋወቀው እዚያ ነው፤ ግጥምን ከከበሮ ጋር ያዋሃዱትን ዘ ላስት ፖየትስንም በግቢው መድረክ ላይ ሰምቷቸዋል። በ1970 የመጀመሪያ ልብ ወለዱና የመጀመሪያ ሸክላው በአንድ ዓመት ወጡ።

ስለ አብዮቱና ስለ ቴሌቪዥን የተናገረው ዝነኛ ግጥሙ ሁለት ጊዜ ተቀድቷል፤ ሁለቱን አከታትሎ መስማት ብዙ ያስተምራል። በ1970ው ቅጂ ከድምፁ በስተቀር የሚሰማው ከበሮ ብቻ ነው። ገጣሚው ምቱን ራሱ መሸከም ስላለበት ስንኙን ይጫነዋል፣ ያፈጥነዋል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። በ1971ዱ ቅጂ ሮን ካርተር በቤዝ፣ በርናርድ ፐርዲ በድራም፣ ሂዩበርት ሎውስ በፍሉት ገቡ። ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቤዙ መሬቱን ስለያዘለት ተናጋሪው መሮጥ አላስፈለገውም፤ ቀልዱን ጥሎ ያልፋል፣ ፍሉቱም በስንኞቹ መካከል ገብቶ ይመልስለታል። ዓለም በቃሉ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ነው። የግጥሙ ኃይል በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቅጂ በበቃ ነበር።

አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ጦቢያ ግጥም በጃዝን የታደመ አንባቢ ጉዳዩን በቅርብ ያውቀዋል። ባንዱ ከበስተኋላ ሆኖ ግጥሙን ሲያጅብ እና ገጣሚው ሙዚቃውን እየሰማ እስትንፋሱን ሲለውጥ የሚፈጠረው ስሜት አንድ አይደለም። ስኮት-ሄሮንና ጃክሰን የደከሙት ለሁለተኛው ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ የተሳካላቸውም፣ ለእኔ፣ በ1974 በወጣው «ዊንተር ኢን አሜሪካ» በተሰኘው አልበም ነው።

አልበሙን ያሳተመው ስትራታ-ኢስት ነው። ይህን ድርጅት በ1971 ያቋቋሙት ሁለት የጃዝ ሙዚቀኞች፣ ጥሩምባ ነፊው ቻርልስ ቶሊቨርና ፒያኒስቱ ስታንሊ ካወል፣ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ሙዚቀኛው የቀረጻውን ወጪ ራሱ ችሎ ያለቀለትን ሥራ ይዞ ይመጣል፤ ድርጅቱ ሸክላውን አስጠርቦ ያከፋፍላል፤ የሥራው ባለቤትነትና አብዛኛው ገቢ የሙዚቀኛው ይሆናል። በዚያ ዘመን ጥቁር ሙዚቀኞች ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ይፈራረሙት ከነበረው ውል ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው።

ነጻነቱ ግን ከውል ወረቀቱ አልፎ ሙዚቃው ውስጥ ይሰማል። ቀረጻው የተካሄደው በ1973 መገባደጃ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲ ኤንድ ቢ ሳውንድ በሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ነበር። (ዛሬ አማርኛ በየካፌው የሚሰማባት ያችው ሲልቨር ስፕሪንግ ናት።) ስኮት-ሄሮን በኋላ እንደጻፈው ክፍሉ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለማይችል አንዳቸው ኮሪደር ላይ ይወጣ ነበር፤ ጃክሰን የ«ዘ ቦትል»ን ፍሉት የነፋው እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ከመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሞ ነው። በአብዛኞቹ ዘፈኖች የሚሰሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በጥቂቶቹ ቤዝና ድራም ይጨመራሉ። ቫዮሊን የለም፣ የናስ መሣሪያ የለም። የፌንደር ሮድስ ፒያኖው ድምፅ ሲነካ ይሰፋና ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ድምፃዊውም እስኪጠፋ ይጠብቀዋል። የአባቶቹን ወንዝ ወደ ቤቱ እንዲወስደው የሚለምንበት «ሪቨርስ ኦፍ ማይ ፋዘርስ» ከስምንት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ለሬድዮ ይመች ዘንድ አሳጥሩት የሚል አለቃ ቢኖራቸው ይህ ዝግታ አይተርፍም ነበር። ስለ ዋተርጌት ቅሌት የተናገረበት ረጅም የብሉዝ ንግግርም እንዲሁ።

«ዘ ቦትል» የአልበሙ ብቸኛ የጭፈራ ዘፈን ነው፤ እስከ ዛሬም በዳንስ ቤቶች ይሰማል። መነሻው ግን ጠዋት ጠዋት በዋሽንግተን አንድ የመጠጥ መሸጫ ደጃፍ ባዶ ጠርሙስ ይዘው የሚሰለፉ ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ አንድ በአንድ ያሳየናል፦ አባቱ የጠጣበትን ልጅ፣ ባሏ የታሰረባትን ሴት፣ ቀድሞ ሐኪም የነበረውን የተጨማደደ ሱፍ የለበሰ ሰው። ሁሉም «እነሱ» ናቸው፤ ተራኪው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጣቱን ይጠቁማል። በአዝማቹ ግን ያ ርቀት ይፈርሳል፤ በማንኛውም ጥግ የወደቀ ወንድም ብታዩ እኔ ነኝ ይላል። ምቱ ሳይቀንስ፣ ፍሉቱም ሳያዝን ነው ይህን የሚለው። አድማጩ እየጨፈረ ስለሆነ ነገሩ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ስኮት-ሄሮን በ2000ዎቹ ኮኬይን ይዞ በመገኘት ተፈርዶበት መታሰሩን የሚያውቅ ሰው ይህን አዝማች ልቡ ሳይሰበር አይሰማውም። ቢሆንም ዘፈኑን እንደ ትንቢት ማንበብ ስህተት ይመስለኛል። በ1973 የጻፈው የ24 ዓመት ወጣት ከሰልፈኞቹ ራሱን ላለመለየት የወሰነ ገጣሚ ነበር፤ ውሳኔውም የሥነ ግጥም ውሳኔ ነው።

ትንሽ አሳታሚ የራሱ ችግር አለው። «ዘ ቦትል» ተወዳጅ ሲሆን ስትራታ-ኢስት ገበያው የሚፈልገውን ያህል ሸክላ ማዳረስ ከበደው። ስኮት-ሄሮንና ጃክሰን ክላይቭ ዴቪስ ወዳቋቋመው የሙዚቃ ኩባንያ አሪስታ ተሻገሩ፤ ቡድናቸው ሰፋ፣ አድማጫቸውም በዛ። አልበሙ የተሰየመበት ዘፈን እንኳ የወጣው በ1975 በአሪስታ ሸክላ ነው። ከዚህ ዘመን ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች አሉ፣ ደቡብ አፍሪካን የሚያነሳው «ጆሃንስበርግ» አንዱ ነው። የኮሪደሩን ቅርበት ግን አላገኘሁባቸውም። ጃክሰን በ1980 አካባቢ ተለየ፤ አሪስታም በ1985 ስኮት-ሄሮንን አሰናበተ።

«የራፕ አባት» የሚለው ትረካ የሚደገፍበት ማስረጃ በአብዛኛው ከድምፁ የተቆረጠ ነው። ካንዬ ዌስት በ2010 አልበሙን የዘጋው ከ1970ው ሸክላ ሌላ ግጥም ከነከበሮው በሳምፕል ወስዶ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የስኮት-ሄሮን የመጨረሻ አልበምም የሸመገለ ድምፁን በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መካከል አስቀምጦታል። ሌላ ማስረጃ ግን አለ። ስኮት-ሄሮንና ጃክሰን ዲትሮይት አጠገብ ስለደረሰ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ «ዊ ኦልሞስት ሎስት ዲትሮይት» የሚል ዘፈን በ1977 አውጥተው ነበር። ብላክ ስታር በ1998 ለ«ብራውን ስኪን ሌዲ»፣ ኮመን ደግሞ በ2007 ለ«ዘ ፒፕል» መሠረት ያደረጉት ይህንኑ ዘፈን ነው። ራፐሮቹ ከዚያ የፈለጉት የጃክሰንን ኪቦርድ ነበር፤ የራሳቸውን ግጥም የተናገሩት በእሱ ላይ ነው።