መድኃኒት ይሉታል

አርብ ገበያ ስሟን ያወጣላት ገበያዋ ነው። ከታች ጋይንት ደጋውም ከበሽሎ ቆላውም ሰው ይወጣባታል። በእንዲህ ያለ ገበያ እህል ተራው ዳር ሸራ ዘርግቶ ምላጭ፣ ባትሪና ክብሪት የሚቸረችር ልጅ አይጠፋም። ከሸቀጡ መሐል ግራጫ እንክብል አለ፤ በፍሬ ይሸጣል።

«ልጄ፣ የነቀዝ መድኃኒት አለህ?»

«አለ እናቴ፣ ስንት ፍሬ ልስጥዎ?»

በቃ፣ ንግግሩ ይኸው ነው። እንክብሉ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ቤት ይገባል።

የእኔ ሙግት ከዚያች አንዲት ቃል ጋር ነው። የራስ ምታቱንም፣ የቁንጫውንም፣ የነቀዙንም «መድኃኒት» እንላለን። ደፍረን «መርዝ» ያልነው የአይጡን ብቻ ነው። በፍሬ የሚቸረቸረው ነገር አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ ብዙ ሰው በንግድ ስሙ ፎስቶክሲን ይለዋል። የአየር እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ባለ 3 ግራሙ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል። ነቀዙን የሚገድለው ይኼ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ ነቀዝና ሕፃን አይለይም። ማርከሻም የለውም። የተሠራው አየር በማያስገባ መጋዘን፣ ሰው በሌለበት፣ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ እንዲውል ነበር። የእኛ ጎታ ግን የጭቃና የእበት ሥራ ነው፤ ይሰነጠቃል፤ ከመደቡም ክንድ አይርቅም። ልጆች እዚያው ያድራሉ። ክረምት ሆኖ በሩ ሲዘጋማ አስቡት! ጠዋት ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ይታሻል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለውን ሽታ ማን ልብ ብሎት?

ልማዱ ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋው የገባው ወባ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ «ወባ ማጥፊያ» የምንላቸው ረጪዎች ዲዲቲ ተሸክመው ቤት ለቤት ዞሩ። ውለታ ቢስ አልሁን፤ ብዙ ነፍስ ተርፏል። ነገር ግን ለግድግዳ የመጣው ዱቄት ለቁንጫም፣ ለትኋንም፣ ለእህልም ዋለ። መድኃኒት ነዋ! የወባ ርጭቱ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ዞረ። ዲዲቲ ግን ቶሎ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናት ጡት ወተትም ከላም ወተትም ቅሪቱን አግኝቷል።

ገበሬው እህሉን በነቀዝ ያስበላ እያልኩ አይደለም። ያለ ምንም ኬሚካል ነቀዙን አየር አሳጥቶ የሚገድል ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ምርት ጨምር እያለ ገበሬውን የሚሰበስብ ባለሙያ ስለ ከረጢቱም ሆነ ስለ እንክብሉ አንድ ቀን ቢናገር ምን ነበረበት? ማስጠንቀቂያ እንደሆን ቆርቆሮው ላይ ከነራስ ቅሉ ሥዕል ተለጥፏል። ቸርቻሪው ግን ቆርቆሮውን አይሸጥም።